የተሸሸገ ጉልበት በሰንጠረዥ ገበታ ላይ

የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች እኩል እጃቸውን ዘርግተው ሠራዊታቸውን እንደፈለጉ ያሰልፋሉ። አንዱ በቀኝ ሲያሰባስብ ሌላው አይቶ ሰልፉን ያፈርሳል፣ እንደገናም ይሠራል። ወረራ የሚባለው ይህ ምዕራፍ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይዘልቃል። ተራ በተራ መጫወት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ገበታው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ሲሆን፣ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ 64 ቤት ይወጣለታል። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ፊል በሰያፍ ወደ ሁለተኛው ቤት ይዘላል። ደር ቀጥ ብሎ እስከፈለገው ይሄዳል፣ ፈረስ ዛሬ እንደምናውቀው ነው፣ መደቅ ደግሞ አንድ አንድ ቤት ወደፊት ይገፋል። አሸናፊነትም ወግ አለው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ በፈርዝና በፊል መያዝ ግን ያስከብራል። ሠራዊቱ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥም አይያዝም።

ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ እንደተጫወቱ ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ መዝግቧል። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሰባስበዋል።

ሰንጠረዥን የማነሣው ብዙ የጨዋታ ፈጣሪዎች የሚጨነቁበትን ጥያቄ ቀድሞ ስለመለሰ ነው። ቼዝ ላይ ሁሉም ነገር በግልጽ ይታያል፤ የተሸመደደ አከፋፈት ያለው ሰው ገና ሳያስብ ይቀድማል። ይህን ለመስበር ዕድል ወይም ምሥጢር ማስገባት የቆየ ሙከራ ነው። የካስቲሉ ንጉሥ አልፎንሶ 10ኛ በ1283 እ.ኤ.አ. ባስጻፉት መጽሐፍ በዳይስ የሚመራ ቼዝ ተጠቅሷል። በ1899 እ.ኤ.አ. ሄንሪ ቴምፕል የፈጠረው ክሪግስፒል የባላጋራን ሠራዊት ፈጽሞ ይሰውራል። ስትራቴጎ ደግሞ ጠጠሩን አሳይቶ ማዕረጉን ይደብቃል። ሰንጠረዥ ምሥጢርም ዳይስም ሳያስፈልገው፣ ተራን ለጊዜው በማንሣት ብቻ ሽምደዳን ዋጋ አሳጥቶታል። ወረራ ላይ ያለው ጥርጣሬ ከባላጋራ ሐሳብ የሚመነጭ ስለሆነ ሊነበብ ይችላል። አዲስ ጨዋታ የሚቀርጽ ሰው መያዝ ያለበት መለኪያም ይኸው ነው፤ ጥርጣሬው ለሚያስብ ሰው የሚነበብ ይሁን።

ይህን መለኪያ ይዞ፣ ወረራን ከተደበቀ ጉልበትና ከዳይስ ጋር የሚያጣምር ጨዋታ ለመሥራት ወላይታ ሶዶ ላይ ዕቃው በእጅ ነው። እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ ዳማ በካርቶንና በቆርኪ ይሠራል፤ ቆርኪ ደግሞ ከላይ ሜዳ ከታች ጓዳ አለው። ከላይ የጠጠሩን ስም፣ ከውስጥ ጉልበቱን በቁጥር መጻፍ ነው። ለእያንዳንዱ ወገን 16 ቆርኪ በአንድ ቀለም ይመረጣል። ከንጉሡ በቀር 15ቱ ቁጥር ይያዙ፦ አምስቱ 1፣ አምስቱ 2፣ አምስቱ 3። የትኛው ቁጥር የትኛው ጠጠር ሥር እንደሚገባ ተጫዋቹ በምሥጢር ይወስናል። 3 የተሰጠው መደቅ ከ1 ደር ሊበልጥ ነው።

ከዚያ አሰላለፉ በወረራ ይከናወን፤ ያ እጅግ የሚያምር ምዕራፍ መቅረት የለበትም። አንዱ ሌላውን ለመብላት ሲገባ ሁለቱም አንድ አንድ ዳይስ ይጥላሉ፣ እያንዳንዱም የጠጠሩን ጉልበት ይደምራል። የበለጠው ይቆያል፣ ያነሰው ይወጣል። ንጉሡ ቁጥር የለውም፣ አይዋጋምም፤ የደረሰበት ሁሉ ያለ ዳይስ ይይዘዋል።

ድምሩ እኩል ሲሆን ማን ያሸንፍ? ይህች ትንሽ ሕግ የጨዋታውን ባሕርይ ትወስናለች። ሁለት ዳይስ 36 ዓይነት ውጤት አላቸው። እኩልነት ለተከላካይ ከተሰጠ፣ ጉልበታቸው እኩል በሆነ ጠጠሮች መካከል አጥቂው የሚያሸንፈው በ15ቱ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ማንም መጀመር አይፈልግም፣ ጨዋታውም ይደርቃል። ለአጥቂ ከተሰጠ 21 ይደርሳል፣ ሰውም ይደፍራል። በዚሁ ሕግ 3 ጉልበት ያለው አጥቂ 1ን በ30 ያሸንፋል፤ በተቃራኒው 1 ሆኖ 3ን የሚያጠቃ 10 ዕድል ብቻ አለው። ደካማው ተስፋ አይቆርጥም፣ ብርቱውም አይተማመንም።

የመጨረሻው ሕግ ለእኔ ከሁሉም ይልቃል። ከውጊያ የተረፈ ቆርኪ ይገለበጥ፣ ቁጥሩም እስከ መጨረሻው ይታይ። እንዲህ ሲሆን ድል ራሱ ዋጋ ያስከፍላል፤ ያሸነፈ ጠጠር ምሥጢሩን አጥቷል። ተጫዋቹ ብርቱውን መቼ እንደሚያወጣና በደካማው እንዴት እንደሚያስፈራራ ማሰብ አለበት። ዳይስ የሚፈርደው በአንዲት ውጊያ ነው፤ ውጊያዎቹን የሚመርጠው ግን ሰው ነው።

ሕጉ በወረቀት ማማሩ በቂ አይደለም፤ ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። በሰንጠረዥ ወግ ዙሪያውን የቆመው ሰውም ምክር እየወረወረ ይሳተፋል፤ ሙከራውም እንዲሁ በሰው መሐል ይሁን። የተሻለ አሳቢ የሆነው ተጫዋች በብዙ ዙር ካልበለጠ፣ ዳይሱ በዝቷል ማለት ነውና የጉልበቱ ልዩነት ይስፋ፤ ከ1 እስከ 3 የነበረው እስከ 5 ይድረስ። የሶዶ ወጣቶች ከውጭ የመጣ ጨዋታ እስኪገዛላቸው መጠበቅ አይገባቸውም። የአባቶቻቸው አገር ለሰንጠረዥ የራሱን ሕግ አውጥቶ ለዘመናት ተጫውቷል፤ እነሱም የራሳቸውን ሕግ የማውጣት ሙሉ መብትና ብቃት አላቸው።