ተረት በክፍል ውስጥ

ከዚህ ግቢ ስንወጣ ከመካከላችን ጥቂት የማይባሉት ወደ ማስተማር ሥራ መግባታቸው አይቀርም። ስለዚህ «አካቶ ትምህርት» የሚባለውን ነገር ከወዲሁ ማወቅ ይገባናል። ትርጉሙም ማየት ወይም መስማት የተሳነው ልጅ፣ የክፍሉንም ቋንቋ ገና ያልለመደ ልጅ፣ ከእኩዮቹ ሳይለይ አብሮ ይማር ማለት ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ስላጸደቀች፣ ነገሩ ግዴታ እንጂ ቸርነት አይደለም። ዳሩ ግን ልጁን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ሌላ፣ ትምህርቱን ለእርሱ ማድረስ ሌላ ነው።

ለማድረስ ከሚረዱት ነገሮች ርካሹ ተረት ነው። መብራት ቢጠፋ አይቋረጥም፤ መጽሐፍ ባይኖርም አይቀርም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ለመመለስም ዐይን አያስፈልግም። ይሁን እንጂ ተረት በራሱ ሁሉን ያቅፋል ብለን የምናምን ካለን ተሳስተናል።

ዲላ ከተማ ውስጥ ባንድ ትምህርት ቤት ከኋላ ተቀምጠን ትምህርት ስንከታተል ይህን አየን። መምህሩ ተረት ዐዋቂ ናቸው፤ ነገር ግን ወዲያ ወዲህ እያሉ፣ አንዳንዴም ወደ ሰሌዳው ዞረው ይተርካሉ። መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ ጓደኞቿ ሲስቁ እርሷም ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከሌሎቹ ጥቂት ይዘገይ ነበር። ተረቱ ደግሞ ስለ ተታለለ ዐይነ ሥውር ሰው ነበር። በሦስተኛው ረድፍ የተቀመጠው ዐይነ ሥውር ልጅ አንገቱን ደፋ። እንዲህ ያለውን ተረት «የአባቶች ነው» ብሎ እንዳለ ማስተላለፍ ስንፍና ይመስለናል፤ ተራኪ ሁሉ ተረቱን እንደ አድማጩ ሲለውጥ ኖሯልና።

አባባ ተስፋዬ ሳህሉ በ1957 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ለልጆች መተረት ሲጀምሩ፣ ፊታቸውም እጃቸውም አብሮ ይተርክ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። መስማት ለተሳነው ልጅ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ፊትን ወደ ልጆቹ ማድረግ፣ በእጅና በሰውነት ማሳየት፣ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ቢገኝም ማስተርጐም።

የጌዴኦ ምድር ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቶታል። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው መልክዓ ምድር ራሱ ትምህርት ነው፤ ትልልቁ ዛፍ እንሰቱን ያስጠልላል፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ይበቅላል። እኛም ከመምህሩ ጋር ተመካክረን፣ «ታላቅ ማን ነው?» እያሉ ሦስቱ በሶንጎ ሸንጎ ፊት የሚከራከሩበትን ተረት አዘጋጀን። ልጆቹ ተክሎቹን ሆነው እንዲጫወቱ፣ እያንዳንዱም በሚቀናው ቋንቋ እንዲናገር፣ ጓደኛውም እንዲያስተረጉምለት ተስማማን።

በማግስቱ ልጅቷ ትልቁን ዛፍ ሆና ክንዶቿን ዘርግታ ቆመች። ዐይነ ሥውሩ ልጅ ቡና ሆኖ ከሥሯ ተቀመጠ፤ ክርክሩንም በጌዴኦኛ የጀመረው እርሱ ነው።