ከፑንቲና ወደ ኤሌክትሮኒክ እሳት ሰጪ

በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፣ ቀድሞ ግሮጋን፣ ዛሬ ኪሪንያጋ ተብሎ በሚጠራው መንገድ ግራና ቀኝ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ ሱቆችና መኪና የሚጠግኑ ሠራተኞች በብዛት ይገኛሉ። በኬንያ ከቤት ውጭ በሜዳ ላይ የሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ ቋንቋ «ኃይለኛ ፀሐይ» ማለት ነው። ይህ ስም የተሰጣቸው ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ሐሩር ስለሚሠሩ ነው። የአሮጌ መኪና ባለቤት ከእንዲህ ያለ ባለሙያ ጋር ሲመካከር ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ነባሩን ፑንቲና አውጥቶ በምትኩ ኤሌክትሮኒክ እሳት ሰጪ መግጠም ይበጃል ወይስ አይበጅም? የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ለመስጠት በቅድሚያ የሁለቱን መሣሪያዎች አሠራር መረዳት ያስፈልጋል።

በቤንዚን የሚሠራ ሞተር ኃይል የሚያገኘው፣ በሲሊንደር ውስጥ የታመቀው የቤንዚንና የአየር ድብልቅ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ተለኩሶ ሲቃጠል ነው። ብልጭታውን የሚሰጠው ካንዴላ ነው። ይሁን እንጂ የብዙ መኪናዎች ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ሲሆን፣ በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት ዘሎ ለማለፍ የሚያስፈልገው ግፊት በብዙ ሺህ ቮልት የሚቆጠር ነው። ይህን ከፍተኛ ግፊት የሚያስገኘው መሣሪያ ቦቢና ይባላል። ካንዴላ፣ ቦቢናና ፑንቲና የሚሉት ስሞች ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የሙያ ቃላት ናቸው።

በቦቢና ውስጥ ሁለት የሽቦ ጥቅሎች አሉ። አንደኛው ወፍራምና ጥቂት ዙር ያለው፣ ሁለተኛው ቀጭንና እጅግ ብዙ ዙር ያለው ነው። ከባትሪው የሚመጣው ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የማግኔት ኃይል ይፈጠራል። ኤሌክትሪኩ በድንገት ሲቋረጥ ግን ይህ የማግኔት ኃይል ይጠፋል፤ ሲጠፋም በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከ15,000 ቮልት በላይ ሊደርስ የሚችል ግፊት ያስነሣል። እንግዲህ ብልጭታው የሚገኘው ኤሌክትሪኩ በሚቋረጥበት ቅጽበት ነው ማለት ነው።

ይህን የማቋረጥ ሥራ የሚያከናውነው ፑንቲና ነው። ፑንቲና በእሳት አከፋፋዩ ክዳን ሥር የሚገኝ ሲሆን፣ የሚገናኙና የሚለያዩ ሁለት ትናንሽ የብረት ጫፎች አሉት። በመካከል የሚዞረው ጉጣም ዘንግ ጫፎቹን ይከፍታቸዋል፤ ሞላ ደግሞ መልሶ ይገጥማቸዋል። አጠገቡ ያለው ኮንደንሰር ጫፎቹ በሚለያዩበት ጊዜ በመካከላቸው እሳት እንዳይዘልና ጫፎቹ ቶሎ እንዳይቃጠሉ ይከላከላል። የዚህ ዘዴ ፈልሳፊ አሜሪካዊው መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ ነው። ዘዴው ከ1910 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ ተስፋፍቶ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪናዎች ሲሠራበት ቆይቷል።

ፑንቲና ምን ያህል እንደሚደክም በቀላል ስሌት መረዳት ይቻላል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር 6,000 ብልጭታዎችን ይፈልጋል። ስለዚህ ፑንቲናው በአንድ ሰዓት ውስጥ 360,000 ጊዜ ይከፈታል። ከናይሮቢ እስከ ሞምባሳ ወደብ ያለው መንገድ 480 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉዞው በዚህ ፍጥነት ስድስት ሰዓት ቢፈጅ፣ ፑንቲናው ከ2,000,000 ጊዜ በላይ ተከፍቶ ይዘጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጫፎቹ ይቃጠላሉ፤ ይቦረቦራሉ፤ ከዘንጉ ጋር የሚፋተገውም ክፍል እያለቀ ይሄዳል። በብዙ መኪናዎች ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጠው የጫፎቹ ክፍተት በዚህ ምክንያት ሲጠብ፣ ብልጭታው ከተወሰነለት ጊዜ ይዘገያል። ከዚያም ሞተሩ ጉልበት ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያባክናል፤ ጧት ለመነሣትም ያስቸግራል።

ይህ ሲባል ግን ፑንቲና የተናቀ መሣሪያ ነበር ማለት አይደለም። በ1953 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ የሳፋሪ መኪና ውድድር በአቧራውና በጭቃው በዓለም የታወቀ ነው። በ1965 ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር በቮልቮ መኪና ባሸነፈ ጊዜ፣ በተከታዮቹም ሦስት ዓመታት ፔጆ 404 ድሉን በወሰደ ጊዜ፣ ሞተሮቹ እሳት ያገኙ የነበረው በፑንቲና ነው።

በ1947 እ.ኤ.አ. ትራንዚስተር ከተሠራ በኋላ ኤሌክትሪክን ያለ ብረት ንክኪ ማቋረጥ ተቻለ። በ1973 የአሜሪካው ክራይዝለር ፋብሪካ በአገሩ ለሚሸጣቸው መኪናዎቹ ሁሉ ኤሌክትሮኒክ እሳት ሰጪን መደበኛ አደረገ። ለአሮጌ መኪና የሚገጠመው ዓይነት በጣም አነስተኛ ነው። በዘንጉ ላይ ማግኔት ያለው ቀለበት ይጠልቃል፤ በፑንቲናው ቦታ ደግሞ የማግኔቱን መቅረብና መራቅ የሚለይ መሣሪያ ይታሰራል። ይህ መሣሪያ ለትራንዚስተሩ ምልክት ይሰጣል፤ ትራንዚስተሩም የቦቢናውን ኤሌክትሪክ ይቆርጣል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለ ክፍተቱ አይለወጥም። ክዳኑ ሲመለስ መኪናው ከውጭ ሲያዩት እንደ ጥንቱ ነው።

ሆኖም ሥራው ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንደኛ፣ ሽቦዎቹ ቦታቸውን ቢለዋወጡ መሣሪያው ወዲያውኑ ሊቃጠል ይችላል። በተለይ በአንዳንድ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናዎች ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ስለሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ሁለተኛ፣ ቦቢናው ከአዲሱ መሣሪያ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍቶ መተው ቦቢናውንም መሣሪያውንም ያግላል። አራተኛ፣ የብልጭታው ሰዓት እንደገና መስተካከል አለበት። ከዚህም ሌላ የእሳት አከፋፋዩ ዘንግ ተበልቶ የሚወዛወዝ ከሆነ አዲሱ መሣሪያ ይህን ጉድለት አይፈውሰውም።

ዋናው ልዩነት ግን የሚታየው በጉዞ ላይ ነው። ፑንቲና አብዛኛውን ጊዜ የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው፤ ሲበላሽም በመንገድ ዳር በካቻቢቴና በቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት ሊታደስ ይችላል። ኤሌክትሮኒኩ በአንጻሩ ለረጅም ጊዜ ያለ እንክብካቤ ያገለግላል፤ የተቃጠለ ዕለት ግን ምልክት ሳይሰጥ ሊያቆም ይችላል፤ በመንገድ ላይም አይጠገንም። አንድ ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር በመሸ ሰዓት፣ ከከተማ ርቆ፣ መንደር በሌለበት ሜዳ ላይ ቢቆም፣ ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መኪናውን በየዕለቱ የሚነዳ ሰው ኤሌክትሮኒኩን ቢያስገጥም ይጠቀማል፤ የወጣውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ግን አይጣላቸው። በጨርቅ ጠቅልሎ ከካቻቢቴ ጋር በመኪናው ሣጥን ውስጥ ያኑራቸው፤ መልሶ መግጠሙንም ይማር። ይህ ምክር በናይሮቢ ላሉት ብቻ ሳይሆን፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች አሁንም ለሚታዩት አሮጌ ቮልስዋገኖች ባለቤቶችም ይሠራል። ሙያተኛውም ቢሆን አዲሱን መሣሪያ በሚገባ የሚገጥመው አሮጌው ምን ይሠራ እንደነበር ሲያውቅ ነው።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ በገቡበት አገባብ ፍቱ።
1. ሐሩር  2. የታመቀ  3. ቅጽበት  4. ጉጣም  5. የሚፋተግ

ለ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. በካንዴላ ላይ ብልጭታ የሚገኘው በቦቢናው ውስጥ ምን ሲሆን ነው?
2. የፑንቲና ክፍተት ሲጠብ በሞተሩ ላይ ምን ጉዳት ይደርሳል?
3. የወጣው ፑንቲና መጣል የሌለበት ለምንድን ነው?

ሐ. «ረጅም ዕድሜ ያለው መሣሪያ ይሻላል ወይስ በመንገድ ላይ የሚጠገን?» በሚል ርእስ በሁለት ወገን ተከፍላችሁ ተከራከሩ።