አዲሱ የግብር ሕግ ቡሌ ላይ ለማን ምን ለወጠ?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅን አሻሽሏል። ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ሲሆን ያሻሻለው በ2008 የወጣውን አዋጅ ቁጥር 979 ነው። ከዚያ በፊት በ2016 የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጁ በአዲስ ተተክቷል፤ ቁጥሩ 1341/2016 ነው። ሁለቱን አዋጆች አንድ ላይ ማንበብ ይጠቅማል። በጌዴኦ ዞን፣ ቡሌ ላይ የሚያስተምር መምህር፣ ከመንገዱ ዳር ዘይትና ስኳር የሚቸረችር ባለሱቅ፣ ዲላ ላይ መጋዘን ያለው ቡና አቅራቢ፣ ሁሉም ከእነዚህ አዋጆች ድርሻ አላቸው። ድርሻቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ከደመወዝተኛው እንጀምር፤ ለእሱ የመጣው ለውጥ ቀለል ያለ ነው። በድሮው አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው ደመወዝ በወር 600 ብር ብቻ ነበር። አሁን 2,000 ብር ሆኗል። ከ2,000 በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው ክፍል 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ደመወዙ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ሲያልፍ ከፍተኛው መቶኛ በሙሉ ደመወዙ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መቶኛው የሚያርፈው በዚያ እርከን ውስጥ በገባው ብር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የደመወዝ ጭማሪ በግብር ምክንያት ኪስ የሚገባውን ገንዘብ አይቀንስም።

በቁጥር እንየው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። በድሮው ስሌት ከ6,000 ብር ላይ 935 ብር ግብር ይቆረጥ ነበር፤ በአዲሱ 700 ብር ይቆረጣል። በወር 235 ብር ተረፈ ማለት ነው። በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቆ ሥራ የሚጀምር ሰው ደግሞ 11,500 ብር ያገኛል። በድሮው 2,525 ብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ 2,100 ብር። ከዚህ ላይ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ፣ ማለትም 805 ብር፣ ሲቀነስ እጁ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ደመወዙ የቱንም ያህል ከፍ ቢል በአዲሱ ስሌት የሚተርፈው በወር ከ550 ብር አይበልጥም። የሒሳብ ሠራተኛው የቆረጠብዎትን ለማጣራት ከፈለጉ አቋራጭ ስሌት አለ። ደመወዝዎ ከ4,000 እስከ 7,000 ባለው ውስጥ ከሆነ በ20 በመቶ አባዝተው 500 ይቀንሱ፤ ከ7,000 እስከ 10,000 ከሆነ በ25 በመቶ አባዝተው 850 ይቀንሱ፤ ከ10,000 እስከ 14,000 ከሆነ በ30 በመቶ አባዝተው 1,350 ይቀንሱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ በ35 በመቶ አባዝተው 2,050 ይቀንሱ።

ማሻሻያው ደመወዝተኛውን ጠቅሟል፤ እውነት ነው። በቂ ነው ግን አልልም። የ600 ብሩ ጣሪያ ሳይነካ ዘጠኝ ዓመት ቆይቷል፤ በእነዚያ ዓመታት የእህልና የዘይት ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሆነ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ኑሮው ይበልጥ ከበደ። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የሠራተኛው ግብር እንዲቀነስ ለዓመታት ሲወተውት የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ተመራቂ ገና በመጀመሪያ ደመወዙ 30 በመቶ እርከን ውስጥ መግባቱ እርከኖቹ ጠባብ እንደሆኑ ያሳያል። ነፃ የሆነው 2,000 ብር ቡሌ ላይ እንኳን ለአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ አይበቃም።

ወደ ነጋዴው ከማለፋችን በፊት ግብሩን ማን እንደሚሰበስብ ማወቅ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 96 እና 97 ግብር የመጣል ሥልጣኑን ከፋፍሎታል። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ፣ ለምሳሌ የዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ግብሩ ለፌዴራል ነው። የወረዳ ሠራተኛ፣ በግለሰብ ስም የሚሠራ ነጋዴና ገበሬ ግን የክልሉ ግብር ከፋዮች ናቸው። ክልሎች የራሳቸው የገቢ ግብር አዋጅ አላቸው፤ በልማድ የፌዴራሉን ሕግ ተከትለው ያወጡታል። ስለዚህ የቡሌ ነጋዴ ጥያቄውን ይዞ መሄድ ያለበት ወደ ወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ነው። ሲሄድም «የክልሉ አዋጅና መመሪያ ምን ይላል?» ብሎ በጽሑፍ የተቀመጠውን እንዲያሳዩት ይጠይቅ። በቃል የተነገረ መልስ በኋላ ለክርክር አይሆንም።

ለባለሱቁ የመጣው ለውጥ ከደመወዝተኛው ይልቃል። በፊት ነጋዴ ሦስት ደረጃ ነበረው። የዓመት ሽያጩ 1 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ «ሀ»፣ ከ500 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን የሆነ «ለ»፣ ከ500 ሺህ በታች የሆነ «ሐ» ይባል ነበር። አሁን ደረጃው ሁለት ብቻ ነው። የዓመት ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ «ሀ» ነው፤ ከዚያ በታች የሆነ ግለሰብ «ለ» ነው። ድርጅት ሆኖ የተመዘገበ ግን ሽያጩ ትንሽም ቢሆን «ሀ» ውስጥ ይገባል። ተሰባስበው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም የሚያስቡ ወጣቶች ይህን አስቀድመው ቢያውቁ ጥሩ ነው።

2 ሚሊዮን ብር ሲባል ትልቅ ገንዘብ ይመስላል። ለቀን ሲካፈል ግን ወደ 5,500 ብር ይወርዳል። ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥ ሱቅ በዛሬ ዋጋ ይህን ያህል ለመሸጥ ሰፊ መሆን አይጠበቅበትም። እዚህ ላይ አንድ መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ የሚቆጠረው ሽያጩ ነው እንጂ ትርፉ አይደለም። ከ5,500 ብር ሽያጭ ላይ ባለሱቁ የሚያተርፈው ጥቂት መቶ ብር ሊሆን ይችላል። ደረጃው የሚወሰነው ግን በ5,500ው ነው።

የደረጃ «ለ» ግብርም የሚታሰበው በሽያጭ ነው። በዓመት ጠቅላላ ሽያጭ ላይ ትንሽ መቶኛ ይጣላል፤ ሽያጩ ከፍ ባለ ቁጥር መቶኛውም ከፍ ይላል። የኪራይ፣ የትራንስፖርትና የዕቃ መግዣ ወጪ አይቀነስም። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት ጎረቤታም ባለሱቆች እያንዳንዳቸው በዓመት 1,400,000 ብር ሸጡ። አንዱ ቤቱ የራሱ ስለሆነ 250,000 ብር አተረፈ፤ ሌላው ኪራይ እየከፈለ 100,000 ብር አተረፈ። ሁለቱም የሚከፍሉት ግብር እኩል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መዝገብ መያዝ ለማይችል ሰውም ይጠቅማል። ትርፉ ቀጭን የሆነውን ነጋዴ ግን ይጎዳል። ኪራይ የሚከፍለው ባለሱቅ ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ «የሒሳብ መዝገብ ብይዝ በትርፌ ልከፍል እችላለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ሽያጩ ይህን ያህል ወሳኝ ከሆነ ስንት ተሸጠ የሚለውን የሚናገረው ማን ነው? ነጋዴው ማስረጃ ከሌለው የግብር ገማቹ ይናገርለታል። በ2009 ክረምት የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ አዲስ አበባና በርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ውስጥ ነጋዴዎች ተቆጥተው ሱቆች የተዘጉት በዚህ ምክንያት ነበር። ገማቾች ለጥቂት ጊዜ አይተው የዓመቱን ገቢ አሰሉ፤ ብዙዎች ከአቅማቸው በላይ ተጣለብን አሉ። ያ ሁሉ ክርክር ሲነሳ አብዛኛው ትንሽ ነጋዴ በእጁ የጻፈው ነገር አልነበረውም።

ስለዚህ ለቡሌ ባለሱቅ ከሁሉ በፊት የምመክረው ደብተር መግዛት ነው። ማታ ሱቁ ሲዘጋ ቀኑንና የዕለቱን ሽያጭ መጻፍ፣ ዕቃ የገዛበትን ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ማኖር፣ ሱቁ የተዘጋባቸውን ቀኖች፣ ሕመምም ይሁን ለቅሶ፣ በዚያው ማስፈር። ይህ ደብተር የካሽ ሬጅስተር ማሽንን አይተካም፤ የመጨረሻ ማስረጃም ላይሆን ይችላል። በየዕለቱ የተጻፈ ዝርዝር ይዞ የሚከራከር ሰውና «ይህን ያህል አልሸጥኩም» ብቻ የሚል ሰው ግን እኩል አይደመጡም። በገበያ ቀንና በሌላው ቀን ያለው ልዩነት ሰፊ በሆነባት በቡሌ ይህ ይበልጥ ይሠራል። ገማቹ በገበያ ቀን መጥቶ ያየውን በ365 ቢያባዛ ውጤቱ ከእውነቱ ይርቃል። ያንን ማሳየት የሚችለው ደብተሩ ነው።

ውሳኔው ፍትሐዊ አይደለም ብሎ የሚያምን ሰው አቤቱታ የማቅረብ መብት አለው። የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ ለማቅረቢያ የሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነው። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው የግብር ውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰዎት ጊዜ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ሲቀበሉ ቀኑን ጽፈው ይፈርሙ፤ በክልሉ ሕግ የተሰጠዎት ጊዜ ስንት እንደሆነም እዚያው ይጠይቁ። ቀኑ ካለፈ ያልተገባ ግምት እንኳ እንደ እውነት ይጸናል።

አሁን ከ2 ሚሊዮን በላይ ወደሚሸጠው እንለፍ። እሱ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። ግለሰብ ከሆነ ግብሩ በትርፉ ላይ ይታሰባል፤ እርከኑ የደመወዙ በ12 ወር የተባዛ ነው። በዓመት 24,000 ብር ነፃ ነው፤ ከ168,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። ድርጅት ከሆነ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል። ለተጨማሪ እሴት ታክስ መመዝገብም ግዴታ የሚሆነው ከ2 ሚሊዮን ጀምሮ ነው፤ መጠኑ እንደ ድሮው 15 በመቶ ነው። ይህ ታክስ የነጋዴው ገንዘብ እንዳልሆነ መያዝ ያስፈልጋል። በ100,000 ብር ዕቃ ሲገዛ 15,000 ይጨምራል፤ በ120,000 ሲሸጥ 18,000 ይቀበላል፤ ለመንግሥት የሚያስገባው ልዩነቱን 3,000 ብር ነው። የገዛበት ደረሰኝ ከሌለው ግን 18,000ውን በሙሉ ይጠየቃል።

አዲሱ አዋጅ ለደረጃ «ሀ» ይዞት የመጣው ከባዱ ነገር ዝቅተኛው ግብር ነው። በትርፍ የተሰላው ግብር ከጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ ነጋዴው 2.5 በመቶውን ይከፍላል። በዓመት 8 ሚሊዮን ብር ሸጦ 300,000 ብር ያተረፈ ጅምላ ሻጭ እንውሰድ። በትርፉ ቢታሰብ ግብሩ 80,400 ብር ነው። የሽያጩ 2.5 በመቶ ግን 200,000 ብር ይሆናል። ሰውዬው የሚከፍለው 200,000ውን ነው፤ ከትርፉ ሁለት ሦስተኛው ሄደ ማለት ነው። የመንግሥት ምክንያት ይገባኛል። በየዓመቱ ኪሳራ እያሳወቁ ንግዳቸውን የሚያሰፉ ነበሩ፤ ሕጉ ያነጣጠረው እነሱ ላይ ነው። በቀጭን ትርፍ ብዙ የሚያንቀሳቅሰውን ሐቀኛ ነጋዴ ግን ከእነሱ ጋር አብሮ ይመታል። የጌዴኦ ቡና ንግድ ደግሞ እንዲህ ያለ ነው። ይርጋጨፌ፣ ወናጎና ኮቸሬ ላይ እሸት ቡና ሰብስቦ የሚያቀርብ ሰው በአንድ የምርት ወቅት በእጁ የሚያልፈው ገንዘብ ብዙ ነው፤ የሚቀረው ትንሽ ነው፤ ዋጋ ከወረደበት ምንም ላይቀረው ይችላል። አቅራቢዎች ወቅቱ ሳይጀምር ከሒሳብ ባለሙያ ጋር ተቀምጠው ይህ ድንጋጌ የእነሱን ሥራ እንዴት እንደሚነካ ማስላት አለባቸው። የመግዣ ዋጋቸው ውስጥ ይህን ግብር ካላሰቡት ወቅቱ ሲያልቅ ከካፒታላቸው ሊከፍሉ ይችላሉ።

ገበሬው ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ቡሌ ደጋ ነው፤ እንሰትና ገብስ ይበዛበታል። የጓሮውን ቆጮ ወይም የማሳውን ገብስ ለገበያ የሚያወጣ ገበሬ በዚህ አዋጅ ነጋዴ አይባልም። ከደጋው ወረድ ብሎ የራሱን ቡና የሚለቅመውም እንዲሁ። ገበሬው የሚከፍለው በክልሉ ሕግ የተወሰነውን የእርሻ ሥራ ገቢ ግብርና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ነው። የጎረቤቱን ምርት ገዝቶ ወደ ዲላ ወስዶ ሲሸጥ ግን ወደ ንግድ ገብቷል።

ለወረዳ መሥሪያ ቤቶች ወይም ለትምህርት ቤት ዕቃ የሚያቀርቡ ነጋዴዎች ደግሞ ገዢው ሲከፍላቸው ቀድሞ የሚያስቀረውን ግብር ይወቁ። በፊት 2 በመቶ ነበር፤ አሁን 3 በመቶ ሆኗል። የሚቆረጠውም ለዕቃ ከ20,000 ብር በላይ፣ ለአገልግሎት ከ10,000 ብር በላይ በሆነ ክፍያ ላይ ነው። በፊት መነሻው 10,000 እና 3,000 ስለነበር ትንንሽ ክፍያዎች አሁን ሳይቆረጥባቸው ያልፋሉ። የ40,000 ብር ወረቀትና እስክሪብቶ ያቀረበ ሰው 1,200 ብር ይቀርበታል። ይህ ገንዘብ አልጠፋም፤ ከዓመቱ ግብር ላይ የሚታሰብ ቅድመ ክፍያ ነው። የሚታሰበው ግን የቆረጠው መሥሪያ ቤት የሰጠው ደረሰኝ ከተያዘ ነው። ብዙ ነጋዴ ደረሰኙን ሳይቀበል ይሄድና ሐምሌ ላይ ያንኑ ብር ሁለተኛ ይከፍላል።

ሌሎችም ለውጦች አሉ። አክሲዮን ያለው ሰው ከትርፍ ድርሻው የሚቆረጥበት ግብር ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። በዩቲዩብና በቲክቶክ ይዘት እየሠሩ ገቢ የሚያገኙ ወጣቶችም ግብር ከፋይ መሆናቸው በሕጉ በግልጽ ተቀምጧል። ከተወሰነ መጠን በላይ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ ወጪ ደግሞ በሒሳብ መዝገብ ላይ እንደ ወጪ አይያዝም፤ ትልልቅ ክፍያዎችን በባንክ ወይም በሞባይል ማስተላለፍ የሚሻለው ለዚህ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሽያጩ ወደ 2 ሚሊዮን የተጠጋ የደረጃ «ለ» ነጋዴ ከዚያ በፊት የዓመቱን ደብተር ደምሮ ይይ፤ መስመሩን ካለፈ ከመዝገብ እስከ ተጨማሪ እሴት ታክስ ያሉት ግዴታዎች አብረው ይመጡበታል፤ ለመዘጋጀትም ከሐምሌ ይልቅ ግንቦት ይሻላል።