የስልክ ጨዋታ ለልጅ ቁጥር ያስተምራል ወይ?

እዚህ ማሕሙድ ሃይቤ የምንኖር ስደተኞች ለዛድ ብለን የያዝነውን ስልክ ማታ ማታ ልጆች ይወስዱብናል። እኛን አስተማሪዎቹን ታዲያ ወላጆች ይጠይቁናል፦ ይሄ የቁጥር ጨዋታ ልጅ ያስተምራል ወይስ ያደነዝዛል?

ያስተምራል፤ ግን እንዲሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ዋን ላፕቶፕ ፐር ቻይልድ የተባለ ድርጅት በአገራችን ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው ሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት ሰጠ። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንዱ ልጅ በ4 ደቂቃ ማብሪያውን አገኘው፤ ቆይተው ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት። ጎበዞች ናቸው! ነገር ግን የሚዘምሩት ኤ ቢ ሲ ዲ የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም።

በማላዊ ግን ዋንቢሊየን የተባለ ድርጅት የሠራው የሒሳብ ጨዋታ ለልጆቹ በቺቼዋ ይናገር ነበር። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲዋ ኒኮላ ፒችፎርድ በ2015 ባወጡት ጥናት፣ ለ8 ሳምንት የተጫወቱት በሒሳብ የተሻለ ውጤት አገኙ። ይኸው ድርጅት በ2019 ታንዛኒያ ውስጥ ታንጋ ላይ የተሞከረውን ትልቅ ውድድር ከኪትኪት ስኩል ጋር እኩል አሸነፈ። እዚያም ቋንቋው ስዋሂሊ ነበር።

የኛ ልጆች ችግር እዚህ ጋ ነው። ቤት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ሱቅ ሲላኩ ኮው፣ ለባ፣ ሰዴሕ፤ ስልኩ ላይ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ። ሕፃኑ ዋን ቱ ብሎ እስከ ሃያ ይወርድና 7 ቆርኪ አምጣ ሲሉት እፍኝ ሙሉ ይዞ ይመጣል። ዘፈኑን ነው የያዘው፤ ብዛቱን አልያዘም።

ጨዋታው ጥሩ ጎን የለውም አንልም። ስልኩ ልጅ ሲሳሳት አይቆጣም፣ አይሰለችም፣ እንደገና ሞክር ይለዋል። ብዙ ልጅ በያዘ ክፍል አንድ አስተማሪ ይህን ለሁሉም ማድረስ አይችልም። ብቻ ልጁ ሳያስብ እየነካካ መልሱ እስኪገጥም የሚሄድበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ግማሽ ሰዓት ካጫወታችሁ በኋላ ስልኩን ተቀበሉና ያየውን በቆርኪ ወይም በጠጠር አስደግሙት፤ በአማርኛም በሶማሊኛም ያስቆጥሯቸው። ገበጣ የምታውቁ ደግሞ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሩላቸው። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ጠጠር እየጣለ የሚዞር ልጅ የቱ ጋ እንደሚያልቅበት አስቀድሞ መገመት ይጀምራል፤ ይሄ ደግሞ ባትሪ አይጠይቅም።