በረኛ ከሳጥን ውጪ ኳስ በእጁ የማይነካው ለምንድን ነው?

በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ ከሚያጣሉን ነገሮች አንዱ የበረኛ እጅ ነው። በረኛው ትንሽ ወጣ ብሎ ኳስ ከያዘ «እጅ! እጅ!» ብለን እንጮኻለን። የኛ ሜዳ ደግሞ መስመር ስለሌለው ማን ልክ እንደሆነ አይታወቅም። ድሮ ግን ይህ ሕግ ራሱ አልነበረም! በረኛ ከጎሉ ጀምሮ እስከ መሐል ሜዳው መስመር ድረስ ኳስ በእጁ መንካት ይችል ነበር። ሕጉ የተለወጠው በ1912 ነው። ለመለወጡ ምክንያት ሆነ ተብሎ ስሙ የሚነሳው ሊ ሪችመንድ ሩስ የሚባል የዌልስ በረኛ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዌልስ ከእንግሊዝ በስተምዕራብ ያለች አገር ናት፤ የጋሬዝ ቤል አገር ብንል ይቀላል። ሩስ በ1877 ሆልት በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ፓስተር ነበሩ። አበሪስትዊዝ በሚባል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተማረ፣ ለከተማውም ቡድን ተጫወተ። ከዚያ ሕክምና ሊማር ለንደን ሄደ፤ ግን ትምህርቱን አልጨረሰም፤ ኳሱ በለጠበት መሰለኝ። ለስቶክ፣ ለኤቨርተን፣ ለሰንደርላንድ፣ መጨረሻ ላይም ለአርሴናል ተጫውቷል። (የአርሴናል ደጋፊዎች ጆሯችሁን አቆማችሁ አይደል?) ይህን ሁሉ ሲጫወት ደመወዝ አልነበረውም። አማተር ስለነበር የሚቀበለው የወጪ ገንዘብ ብቻ ነው። ከ1900 እስከ 1911 ድረስ ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን 24 ጊዜ ተሰልፏል።

አሁን ወደ እጁ ነገር እንምጣ። በዚያን ጊዜ በረኛ ኳሱን ታቅፎ ከሁለት እርምጃ በላይ መሄድ አይፈቀድለትም ነበር። ማንጠር ግን ይችላል። ስለዚህ ሩስ ኳሱን ሲይዝ ልክ እንደ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች መሬት ላይ እያነጠረ እስከ መሐል ሜዳ ይሮጣል። እዚያ ሲደርስ ወይ ይወረውረዋል ወይ አክርሮ ይመታዋል። በአንድ ጊዜ ማጥቃት ተጀመረ ማለት ነው። ታዲያ ሌሎቹ በረኞች ለምን እንደሱ አላደረጉም? አንደኛ፣ ጎሉ ባዶ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በዚያ ዘመን አጥቂ በረኛን በትከሻው ገፍቶ መጣል ይፈቀድለት ነበር። ኳስ ይዞ መሐል ሜዳ መውጣት ለመመታት መውጣት ነው። ሩስ ግን ግዙፍና ደፋር ስለነበር አይፈራም። በ1912 አዲሱ ሕግ በረኛ በእጁ የሚነካው በራሱ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ብቻ ነው አለ። ሩስም በዚያው ዓመት ከትልልቅ ክለቦች ኳስ ወጣ።

ቀልደኛም ነበር። አንድ ጊዜ ዌልስ ከአየርላንድ ጋር ልትጫወት ስትሄድ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ መጣና «ጣቶቼ ተሰብረዋል፣ ቢሆንም እጫወታለሁ» አለ። ወሬው ተሰማ፤ ተጋጣሚዎቹም ደስ አላቸው። ጨዋታው ሲጀመር ግን ጣቶቹ ደህና ነበሩ! ደግሞ ከማልያው ስር ሁልጊዜ የሚለብሳት አንዲት ጥቁርና አረንጓዴ የአበሪስትዊዝ ማልያ ነበረችው። ዕድል ታመጣልኛለች ብሎ አያጥባትም ነበር ይባላል። (ቡድኑ እንዴት ቻለው?)

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ሩስ ቁስለኞችን በሚረዳው በእንግሊዝ ጦር የሕክምና ክፍል ገባ። በፈረንሳይ፣ ቀጥሎም ቱርክ ውስጥ ባለችው በጋሊፖሊ አገለገለ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ስለሱ ምንም ሳይሰሙ ቀሩ፤ ጋሊፖሊ ላይ የሞተ መሰላቸው። እሱ ግን በሕይወት ነበር። በ1916 ሮያል ፊውዚሊየርስ በሚባል እግረኛ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ገባ። መዝገቡ ላይ ግን ስሙ ተሳስቶ ተጻፈ። ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ መሐሉ ላይ ሁለት ኦ ፊደል አለው፤ ሁለተኛው ኦ ዩ ሆነ። አንድ ፊደል ብቻ! እኛ ሮስተር ላይ ስማችን ሲሳሳት ሮጠን ክፍል ኃላፊያችን ጋ እንሄዳለን። የሱ ግን ሳይታረም ቀረ።

ፈረንሳይ ውስጥ ምሽግ በገባ በመጀመሪያው ውጊያ ጠላት እሳት በሚተፋ መሣሪያ አጠቃቸው። ልብሱ ተቃጠለ፣ ጭሱ ሊያፍነው ደረሰ። ወደ ሕክምና ሂድ ቢባል እምቢ አለ። ክንዱ እስኪዝል ቦምብ ወረወረ፣ ክንዱ ሲደክም ጠመንጃ አነሳ። (የበረኛ ክንድ ነዋ!) ለዚህም ሚሊታሪ ሜዳል የሚባል የጀግንነት ሜዳልያ ተሸለመ። ሜዳልያው የተጻፈው ግን በተሳሳተው ስም ነው።

መስከረም ወር ላይ፣ ኦክቶበር 7 ቀን 1916፣ በሶም ጦርነት ጉድኩር በምትባል መንደር አጠገብ ሲያጠቁ ተገደለ። 38 ዓመቱ ነበር። ሬሳው አልተገኘም። ቲየፕቫል በሚባል ቦታ መቃብር ለሌላቸው ወታደሮች ትልቅ ሐውልት ተሠርቷል፤ ከ72,000 በላይ ስም ተቀርጾበታል። የሱም ስም ተቀረጸ፣ ግን በዚያችው በተሳሳተች ፊደል። ስለዚህ አንድ ሰው ሐውልቱ ጋ ሄዶ የታወቀውን በረኛ ስም ቢፈልግ አያገኘውም ነበር። ሐውልቱ ላይ ያለው ወታደርና ያ ኳስ እያነጠረ የሚሮጠው በረኛ አንድ ሰው መሆናቸው የታወቀው ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።