ቲ ሴልን ለሥራ የሚያሰማራው ሴል

«ሲዲ ፎር ስንት ደረሰ?» ሲባል የሚቆጠሩት ቲ ሴሎች ናቸው። በኤችአይቪ ምክንያት ስማቸው በየቤቱ ገብቷል። እነዚህ ሴሎች ግን ጀርም አጠገባቸው ቢደርስ እንኳ በራሳቸው ለይተው አያውቁትም። ጀርሙን ውጦ፣ አድቅቆ፣ ቁራጩን ገላው ላይ አውጥቶ የሚያሳያቸው ሌላ ሴል ያስፈልጋቸዋል። በዚህ ሥራ አቻ የሌለው ዴንድሪቲክ ሴል ነው። ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን ኒውዮርክ በሚገኘው ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የአይጥ ጣፊያ ሲመረምሩ አግኝተውት፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ይፋ አደረጉት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በየአቅጣጫው ቅርንጫፍ ያወጣ ነው፤ ቅርንጫፎቹንም ሳያቋርጥ ይዘረጋል፣ ይሰበስባል። ስታይንማን በ2011 ኖቤል ሲሸለም፣ ከ3 ቀን በፊት ማረፉን ሸላሚዎቹ አላወቁም ነበር።

ቲቢን እንመልከት። ባክቴሪያው በትንፋሽ ሳንባ ሲገባ ዴንድሪቲክ ሴል ይውጠውና ደረት ውስጥ ወዳለው የሊምፍ ዕጢ ይዞት ይሄዳል። እያንዳንዱ ቲ ሴል የሚያውቀው የተወሰነ ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ ልኩ የሆነው እስኪገኝ ብዙዎች መጥተው ነክተውት ያልፋሉ። ልኩ ቢገኝም ማሳየት ብቻ አይበቃም። አደጋ መኖሩን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ምልክት ካልታከለበት ቲ ሴሉ ደንዝዞ ይቀራል፤ የገዛ አካላችንን እንዳያጠቃ ከሚጠብቁን መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ሦስተኛው ምልክት ነው። ዴንድሪቲክ ሴሉ ኢንተርሉኪን 12 የተባለ ፕሮቲን ያመነጫል፤ ቲ ሴሉ በምን ሙያ እንደሚሰማራ የሚወስነውም ይኸው ነው። መልእክቱን የተቀበለው ቲ ሴል ተባዝቶ ወደ ሳንባ ይወርድና ኢንተርፌሮን ጋማ ይለቃል። ባክቴሪያውን ውጠው መግደል ያቃታቸው ማክሮፌጅ ሴሎችም ያኔ ኃይል ያገኛሉ። ለአንጀት ትላትል ሲሆን ደግሞ መልእክቱም ባለሙያውም ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። በቲቢ ባክቴሪያ የተያዘ ሰው የቆዳ ምርመራው እስከ 8 ሳምንት ድረስ ምንም ላያሳይ የሚችለው ለዚህ ነው።

አገራችን ውስጥ ጨቅላ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የሚወጉት የቲቢ ክትባት፣ ቢሲጂ፣ የተዳከመ፣ ነገር ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። አብዛኛውን ልጅ ትንሽ ጠባሳ ትቶለት ያልፋል። ኢንተርሉኪን 12ን መሥራት ወይም መልእክቱን መቀበል ሳይችሉ የሚወለዱ ጥቂት ልጆች ግን አሉ፤ እነሱን ይኸው ክትባት በጽኑ ሊያሳምማቸው ይችላል። ሐኪሞች ለእነዚህ ልጆች ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ጋር፣ ቲ ሴላቸው በበቂ ያላመነጨውን ኢንተርፌሮን ጋማ በመርፌ ይሰጧቸዋል።