ጨርቅ በያርድ፣ ስፌት በሜትር

አባቶቻችን ጨርቅ የሚለኩት በክንድ ነበር፤ ይኸውም ከክርን አንሥቶ እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ክንድ እንደ ባለቤቱ ቁመት ስለሚለያይ፣ ረጅም ዘመድ አስከትሎ ገበያ መውጣት ሳይጠቅም አይቀርም።

ዛሬ የአዲስ አበባ ልብስ ሰፊ የሚለካው በሜትር ሲሆን፣ የአሜሪካ ጨርቅ ሻጭ ግን የሚለካው በያርድ ነው። ስለዚህ ከዚያ ለሠርግ ጨርቅ ገዝተው ለሚልኩ ወገኖቻችን ጥቂት ልናሳስብ እንወዳለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራልያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ባደረጉት ስምምነት አንድ ያርድ ልክ 91.44 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ተወሰነ። ከዚያ አስቀድሞ የእንግሊዝና የአሜሪካ ያርድ ይለያዩ ነበር፤ ልዩነቱ ግን ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ስለ ነበር ልብስ ለባሹን አያሳስበውም።

የያርድና የሜትር ልዩነት ግን እጅጌ ያሳጣል። ልብስ ሰፊው 5 ሜትር አዝዞ ሳለ 5 ያርድ የገዛች እመቤት የምትልከው 4 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የጎደለው ወደ አንድ ክንድ ይጠጋል።

ያርዱን ወደ ሜትር ለመለወጥ በ0.9144 ማባዛት፣ ሜትሩን ወደ ያርድ ለመመለስ በዚሁ ቍጥር ማካፈል ነው። 5 ሜትር ለሚሻ 5 ያርድ ተኩል ይበቃዋል፤ ትርፉ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላምና ልብስ ሰፊው እንዲመልስልን አንጠይቅም።